ስድስት ሳምንት በጤና ጣቢያ፦ የነርሲንግ ተማሪ እያገለገለ የሚማርበት ዝርዝር መመሪያ

የነርሲንግ ተማሪዎች ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ሲመደቡ በመጀመሪያው ጠዋት የምሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ዛሬ ፕሮሲጀር አለ?» አልፈርድባቸውም። ሎግ ቡኩ (ተማሪው የሠራው ሥራ የሚፈረምበት ደብተር) ላይ ይህን ያህል መርፌ፣ ይህን ያህል ካቴተር፣ ይህን ያህል ወሊድ ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማው ካልሞላ ኮርሱ አያልፍም። የሚያሳዝነኝ የፊርማው ፍለጋ ስድስቱንም ሳምንት ሲውጠው ነው። እንዲህ የከረመ ተማሪ እጁ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ጤና ጣቢያው ግን እንደነበረ ነው፣ ቀበሌውም ተማሪ መምጣቱን አላወቀም።

ፕሮሲጀሩን በመደበኛ ሰዓታችሁ ሥሩ። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ጤና ጣቢያው እየፈለገው ጊዜ አጥቶ የተወውን አንድ ትንሽ ሥራ ያዙና ጨርሱ። ታካሚው ከበሩ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው የምታዩት በዚያ ሥራ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ የተመሠረተ አድርጎ ነው የጀመረው። ዛሬ በየኮሌጁ የምትወጡበት የማኅበረሰብ ልምምድ የዚያ ቅጥያ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ምደባ ሲቃረብ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም፣ አንደኛ ዓመት ላይ ጀምሩት። ከዕቃ ደግሞ ጋውን፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ የራስ ስቴቶስኮፕ፣ ኪስ የሚገባ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ያዙ። በስልክ እቆጥራለሁ አትበሉ። የሕፃን ትንፋሽ ስትቆጥሩ ዓይናችሁ ከደረቱ መነሣት የለበትም፤ ስልክ ያወጣች ነርስን ደግሞ እናትየው መልእክት የምታነብ ነው የሚመስላት።

ትንፋሹን ካነሣሁ፣ ቁጥሮቹን ሳታውቁ አትምጡ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፣ ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ብዙ ተማሪ ከመጽሐፍ በፈረንጅ አቆጣጠር አጥንቶት ይመጣና እናት ፊት ይደናገራል፤ የመውለጃ ቀን ስሌት። እናቶቻችን የመጨረሻ የወር አበባቸውን የሚነግሩን በእኛ ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜም በበዓል፦ «ከጥምቀት ማግስት ነበር» ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ እንዲያውም ይቀላል። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ፣ እርግዝናው ጳጉሜን ካላቋረጠ 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምራላችሁ፤ መስከረም 5 ያየች ሰኔ 15 ትጠበቃለች። ጳጉሜን ካቋረጠ 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጥር 12 ያየች ጥቅምት 17። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ከሆነ ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ማታ ማታ በጓደኞቻችሁ ልደት ተለማመዱት፣ እጅ እስኪገባ ድረስ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፦ ማየት

የኮሌጁን ደብዳቤ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስጡ፤ ከዚያ ካርድ ክፍል ያሉትን፣ ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን በስም ተዋወቁ። ማን ከየት መጣ፣ ማን ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ የሚለውን ከሁሉም በፊት የሚያውቀው በር ላይ ያለው ሰው ነው።

በሁለተኛው ቀን አንድ ታካሚ አስፈቅዳችሁ ከበር እስከ በር ተከተሉ። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚለይበት)፣ ተመላላሽ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ እንደገና ተመላላሽ ክፍል፣ ፋርማሲ። በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደቆየች ጻፉ፤ ምንም አትንኩ፣ አታርሙም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሯን ያላሳደሰች እናት ካርድ ክፍል ላይ ምን እንደምትባል ታያላችሁ። ላቦራቶሪው «ሽንት አምጡ» ብሎ ዕቃ ሲሰጣት መጸዳጃው የት እንደሆነ ለመጠየቅ ስታፍር ታያላችሁ። ይህን ያየ ተማሪ በማግስቱ ትሪያጅ ላይ ሲቆም አነጋገሩ ይለወጣል።

ጤና ጣቢያው ብቻውን እንዳልቆመም እወቁ። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው፤ በከተማ እስከ 40,000። በሥሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው የያዙ። እዚያ የሚሠሩት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የየቤቱን ማኅደር የያዙት እነሱ ናቸውና በመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ አንድ ጤና ኬላ ሂዱ።

ሥራ መምረጥ

ተማሪዎች በራሳቸው ሲመርጡ ሁለት ነገር ይወዳሉ፦ በቀለም ያሸበረቀ ፖስተር እና የአንድ ቀን የደም ግፊት ዘመቻ። ፖስተሩ በክረምት ይላጣል። ዘመቻው ደግሞ ግፊቱ ከፍ ያለበትን ሰው አግኝቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳያሳየው ይበተናል፤ ይህ ሰውየውን አስደንግጦ መሄድ ነው።

ይልቅ የክፍሎቹን ኃላፊዎችና የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ሁለት ትርፍ እጅ ቢኖራችሁ ምን ታሠሯቸው ነበር?» መልሱን በቃላቸው ጻፉት። የስኳር ታካሚዎች ቀጠሮ ያመልጣሉ ይሏችኋል፤ የተደባለቁ ካርዶች አሉ ይሏችኋል፤ ክትባት ያቋረጡ ልጆች አሉ ይሏችኋል። ከዚያ ውስጥ በአራት ሳምንት የሚያልቀውን፣ ገንዘብ የማይጠይቀውንና እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚረከበው ሰው ያለውን አንዱን ምረጡ። ሁለት አትያዙ። መምህራችሁና የጤና ጣቢያው ተቆጣጣሪያችሁ ሳይስማሙም አትጀምሩ።

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ እኔ ደጋግሜ ያየሁት ያቋረጡ ልጆችን የመፈለግ ሥራ ነው።

መዝገቡን ማንበብ

ፔንታ ክትባት (አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው) በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል። እናቶች የመጀመሪያውን «የ45 ቀኑ» ይሉታል። ኩፍኝ በ9 ወር ነው፣ ሁለተኛው ዙር በ15 ወር። የክትባት ክፍሉን መዝገብ ውሰዱና (ከክፍሉ ሳታወጡ) ፔንታ 1 ወስደው ፔንታ 3 ያልወሰዱትን አንድ በአንድ አውጡ። ለምሳሌ 60 ልጆች ጀምረው 48 ከጨረሱ ያቋረጡት 12 ናቸው፤ 12 ለ60 ሲካፈል 20 በመቶ። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የሚመረመር ችግር አለ ማለት ነው።

አሁን ቸኩላችሁ 12ቱንም «አቋራጭ» አትበሉ። ቀኑ ገና ያልደረሰ ይኖራል፤ ተከትቦ መዝገቡ ላይ ያልተሞላለት ይኖራል፤ እናቱ ወደ ወላጆቿ አገር ሄዳ እዚያ የተከተበም ይኖራል። በቀን ለዩአቸው።

ስም ላይ ትቸገራላችሁ። በ45 ቀን የሚመጣ ሕፃን ብዙ ጊዜ የጸና ስም የለውም። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት፤ ስለዚህ መዝገቡ «ማሙሽ» እና «ሚሚ» ይበዛበታል። በኋላ ልጁን በሌላ ስም ስትጠይቁ ጎረቤት «እንዲህ የሚባል ልጅ የለም» ይላችኋል። የምትፈልጉት በእናትየው ሙሉ ስም፣ በጎጡና በስልክ ነው፤ ስልኩም የባል ወይም የጎረቤት ሊሆን ይችላልና ማን እንዳነሣው ሳታውቁ ጉዳዩን አትዘርዝሩ። ሴት ልጅ የወለዱ እናቶች ክርስትናው እስኪደርስ ከቤት ባለመውጣታቸው የ45 ቀኑ ሲዘገይም አይቻለሁ። ይህን ከመዝገቡ ብቻ ያየ ሰው ቸልተኝነት ይለዋል።

ዝርዝሩን በቀበሌና በጎጥ ከፋፍላችሁ ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳዩአት። ግማሹን እዚያው ቁጭ ብላ ትፈታላችኋለች፦ «ይቺ ወደ ከተማ ገብታለች፣ ይህኛው እኔ ጋ ተከትቧል።» የቀሩት ናቸው እግር የሚጠይቁት።

«ሐሙስ ተመለሺ»

ተማሪ ሳለሁ አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ያን ቀን የኩፍኝ ክትባት አልተከፈተም ነበር። «ሐሙስ ተመለሺ» አልኳትና ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ከየት እንደመጣች አልጠየቅኋትም። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው «ያቺ ሴት እኮ ከቆላው ነው የመጣችው፣ ሌሊት ነው የተነሣችው» አለኝ። ሐሙስ ቆሜ ጠበቅኋት፤ አልመጣችም። ስሟን ስላልጻፍኩ ልንፈልጋትም አልቻልንም። እስከ ዛሬ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ምክንያቱን መረዳት አለባችሁ። የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ልጅ ስለሚሆን፣ ባለሙያው እንዳይባክንበት ልጆች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የኩፍኝ ክትባት ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ብሎ ይመክራል፤ በተግባር ግን ዕቃ ሲያጥር እጅ ይሰበሰባል። እናንተ ጠርሙሱን የመክፈት ሥልጣን የላችሁም። የእናትየውን ስምና ጎጥ ጽፋችሁ ለክፍሉ ኃላፊ «ይቺ ከሩቅ ነው የመጣችው» ማለት ግን ትችላላችሁ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠርሙስ ሲያስከፍት አይቻለሁ።

ቤት ለቤት

ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ፣ ከኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሂዱ። የት እንደሄዳችሁና መቼ እንደምትመለሱ ለተቆጣጣሪያችሁ ተናገሩ። ነጭ ጋውኑን መንደር ውስጥ አውልቁት፤ ልጆች መርፌ መጣ ብለው ይሸሻሉ፣ ጎረቤትም «እዚያ ቤት ምን በሽታ ገባ?» ይላል። መታወቂያችሁ ይበቃል።

ደጅ ላይ «ቤቶች!» በሉና ግቡ እስክትባሉ ጠብቁ። ውሻ ያለበት ደጅ ከሆነ ከአጥሩ አትለፉ። በዕድሜ የገፉትን እማማ፣ አባባ እያላችሁ በአንቱታ አነጋግሩ፤ የሃያ ዓመት ተማሪ የአርባ ዓመቷን ሴት «አንቺ» ካላት ቤቱ እዚያው ይዘጋል። ቤት ውስጥ አያት ካሉ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው፤ ልጁ ይከተብ አይከተብ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቡና ከተፈላ አቦሉን ጠጡ። ጾመኛ ከሆናችሁ ተናገሩ፣ ያስከብራል እንጂ አያስቀይምም። ደብተር ከመግባታችሁ አታውጡ።

«ለምን አላስከተብሽውም?» የሚል ጥያቄ ክስ ነው። እኔ የምጠይቀው «ባለፈው ከተከተበ በኋላ እንዴት አደረ?» ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ይህን ስጠይቅ አንዲት ወጣት እናት ዝም ብላ ቆየችና የሕፃኑን ጭን ገልጣ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ድንጋይ ሆነበት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አደረ፣ የሞተብኝ መሰለኝ» አለች። እብጠቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጣቷ ግን አሁንም ቦታውን ያውቀዋል። ማንም አስቀድሞ አልነገራትም ነበር። ትኩሳቱ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚያልፍ፣ አዘውትራ እንድታጠባው፣ ልብስ እንዳትደራርብበት፣ ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም ልጁ አልጠባም ካለ ወዲያው እንድታመጣው ነገርናት። በማግስቱ ይዛው መጣች።

የቢሲጂ ቁስልም እንደዚሁ ነው። ክንዱ ላይ ትንሽ ቆስሎ ጠባሳ ትቶ መዳኑ የሚጠበቅ ነው፤ ቅጠልም ቅባትም አይደረግበት በሉ። መልሱን ካዳመጣችሁ በኋላ የክትባት ካርዱን እዩ፤ ዕለቱን መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ሙአክ ቴፕ (የልጅ ክንድ ዙሪያ መለኪያ) ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ግራ ክንዱ ላይ፣ በትከሻው ጫፍና በክርኑ መካከል ይለካል፣ ክንዱ ዘና ብሎ፣ ቴፑ ሥጋውን ሳይጫን። ከ11.5 ሳ.ሜ. በታች ከባድ ምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት አለና ልጁ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ክትባት ፍለጋ በሄድንበት ቤት የከሳ ታላቅ ወንድም ያገኘንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወንበር ላይ ያሉትን ማስተማርና መለካት

ጠዋት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ፊት የሚሰጥ ትምህርት ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ አንድ ጉዳይ ብቻ። ስለ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ከሆነ በእጃችሁ በጥብጣችሁ አሳዩ፦ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ አንድ ሊትር፣ አንድ ሙሉ ከረጢት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። የአንድ ሊትሩን ልክ በሚያውቁት ዕቃ አሳዩአቸው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ለምሳሌ፤ ስንት እንደሚይዝ ጀርባው ላይ አንብቡላቸው።

የደም ግፊት ስትለኩ ደጋ አገር ከሆነ ጋቢ፣ ሹራብና ጃኬት ይገጥማችኋል። እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለል ክንዱን ያንቃል፤ ልብሱ ይውለቅ። ሰውየው 5 ደቂቃ አርፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ተቀምጦ፣ ሳያወራ ይለካ። ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። 140/90 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ቆይታችሁ ድገሙና ለባለሙያው አሳዩ፤ «ደም ብዛት አለብዎት» ብሎ መንገር የእናንተ ሥራ አይደለም።

መድኃኒት ስታስረዱ በእኛ ሰዓት ተናገሩ። «በየስምንት ሰዓቱ» ማለት ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4 ነው። በጾም ወቅት መቼ እንደሚውጡ ጠይቁ፣ ጸበል ላይ ከሆኑም ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም፤ መድኃኒቱን ዝም ብለው ያቆሙታል።

መርፌ በስህተት እጃችሁን ከወጋ፣ ወይም ሥራውን ካላወቃችሁ

የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን አትመልሱ፤ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) ውስጥ ይግባ፣ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። መርፌ በስህተት እጃችሁን ከወጋ ቦታውን አትጨምቁት፣ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ ወዲያው ተናገሩ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፣ ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። ተቆጣጣሪ እንዳይቆጣ ብሎ ሁለት ቀን የደበቀ ተማሪ አውቃለሁ። ማንም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ተናገሩ።

ያላደረጋችሁትን ፕሮሲጀር «አላውቀውም፣ ያሳዩኝ» በሉ። የታካሚ ካርድ፣ ቁስል፣ የሕፃን ፊት በስልክ አታንሡ፤ ለክፍል ጓደኞቻችሁ የቴሌግራም ግሩፕም ቢሆን።

ማስረከብ

በየማታው ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አየሁ፣ ምን አልገባኝም፣ ነገ ማንን እጠይቃለሁ። የኮሌጁ ሪፖርት ከዚህ ደብተር ይወጣል፤ በመጨረሻው ሌሊት ከጓደኛ አይገለበጥም።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ለማስረከቢያ ተዉ። ለክትባት ክፍሉ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የተገኙት ልጆች በእናት ስምና በጎጥ፣ እያንዳንዱ ቀጥሎ የሚከተብበት ቀን በእኛ አቆጣጠር፤ ያልተገኙት ደግሞ ለብቻ፣ የት የት እንደተፈለጉ ተጽፎ። ከሥር፣ እናቶቹ ያቋረጡበትን ምክንያት በራሳቸው ቃል አስፍሩ፤ «ትኩሳቱ አስፈራኝ» አራት፣ «ተመለሺ ተባልኩ» ሦስት እያላችሁ። አንዱን ቅጂ ለክፍሉ ኃላፊ በእጇ ስጡ፣ አንዱን ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። ኃላፊዋ እያነበበች እስክትጨርስ አጠገቧ ቁሙ፤ ጥያቄ ይኖራታል፣ በተለይ «ተመለሺ ተባልኩ» የሚለው ላይ።